ያልተዘጋው ስብሰባ

ጥቅምት 4
የተለመደው የሰኞ ስብሰባ። አጀንዳ፦ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ማን ይያዝ? ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። ለጸሐፊዋ ተሰጠ። ሊቀመንበሩ ጋሼ "ስብሰባው..." ብለው ሳይጨርሱ ከሰው ኃይል ክፍል ተጠሩ። ወጡ። ጠበቅን... አልተመለሱም።

ጥቅምት 5
ለካስ ጡረታቸው ደርሶ ኖሮ ደብዳቤውን ሰጥተው በዚያው ሸኝተዋቸዋል! እኛስ? የሕግ ክፍሉ ሰው፣ "አንቀጽ" የምንለው፣ ጣቱን ቀስሮ ተነሳ።
"ስብሰባው አልተዘጋም።"
"አበቃ በለና እንገላገል!" አልኩት።
"አበቃ የሚባለው በራሱ ላለቀ ነገር ነው፤ ክረምት ያበቃል። ሰልፍ ይበተናል። ስብሰባ ግን ይዘጋል። የሚዘጋውም የከፈተው ሰው ነው። ደንብ ነው።"
ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። የምሩን ነው።

ጥቅምት 11
ማታ ማታ "ለእረፍት" ወደ ቤት እንለቀቃለን፤ ጠዋት እንቀጥላለን። ምኑን? እንጃ። ተፋጠን እንውላለን። ባለጉዳይ ሲመጣ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ይባላል። ይሄ እንኳ አዲስ አይደለም።

ጥቅምት 15
ሚስቴ እናቷ ቤት በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ! አባት ሆንኩ! የአንድ ቀን መንገድ ስለሆነ ፈቃድ ልጠይቅ ሮጥኩ። አለቃዬ ቀና እንኳ አላሉም።
"ስብሰባ ላይ ላለ ሰው ፈቃድ አይሰጥም።"
"ጥዬ ብሄድስ?"
"ሥራ እንደለቀቅክ ይቆጠራል።"
ደሜ ፈላ። ልጄን እኮ አላየኋትም...

ጥቅምት 18
ጋሼ ቤት ሄድኩ። ፒጃማቸው ላይ ክራቫት አስረዋል። አንዲት ቃል ብቻ፣ "ተዘግቷል" ይበሉልን ብዬ ለመንኳቸው።
"እሱን ከዘጋሁ ነገ ጠዋት ምን ብዬ ነው የምነሳው፣ ልጄ?"
ልጮህባቸው ነበር የሄድኩት። አንጀቴን በሉት። ግን የእኔስ ነገር? ልጅ መውለዴን ነገርኳቸው።
"ምን ወለድክ?"
"ሴት።"
ክራቫታቸውን አስተካከሉና፣ "ነገ እመጣለሁ" አሉ።

ጥቅምት 19
መጡ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
"ተጨማሪ ሐሳብ ያለው?"
አንድ በአንድ አዩን። ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ሻንጣዬ እግሬ ሥር፣ አውቶቡሱ ሊነሳ... አንድ እጅ ወጣ። የማን ነው? የእኔ!
"እሺ፣ ምን ነበር?" ፊታቸው በራ።
ምን ልበል? ምንም አላሰብኩም።
"ልጄ... ስም አልወጣላትም። ለቤቱ አቀርባለሁ።"
እስከ ማምሻው ተከራከርን። አንቀጽ ሁለት ጊዜ ተቃወመ፤ ጸሐፊዋ የአክስቷን ስም ካልሆነ ብላ አኮረፈች። መጨረሻ ላይ ጋሼ ራሳቸው አንድ ስም አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ቆመው፣ ቀስ ብለው፣ "ስብሰባው ተዘግቷል" አሉ። ማንም አልተነሳም። እሳቸው ቀድመው ወጡ።
አውቶቡሱ አመለጠኝ። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። ሚስቴ "ስሙን ማን አወጣላት?" ብትለኝ... ሊቀመንበራችን እላታለሁ።