የአሥራ አንደኛው ቤት መልስ

ፋልጉን 6 (በቤንጋል አቆጣጠር)
ዛሬም ከባልደረባዬ ከሞኒር ጋር ሁለት መንደር ዞርን። ተረከዜ ተልጧል። ካልካታ ያሉት ሒሳብ አዋቂዎች ቁጥር በዕጣ ያወጣሉ፤ እኛ ከመንደሩ ኩሬ ጀምረን ቤት እየቆጠርን፣ ዕጣ የወጣለትን እናንኳኳለን። አምና ከረሃቡ በፊት ስንት ሰው ነበረ? ስንቱ ሞተ? መላሹ ማን ነው? ስም አይጻፍም፤ አባት፣ ሚስት ተብሎ ብቻ ነው። ዘንድሮ የሚላክልን እህል በዚህ ቁጥር ይወሰናል። አለቃችን ሺሺር ባቡ፣ ሩዙ መብሰሉን ለማወቅ አንድ ፍሬ መጫን ይበቃል ይላሉ።

አስተማሪ ሳለሁ ሒሳብ ከመሬት ልኬትና ከግብር ተወለደ እያልኩ ለልጆች እነግር ነበር። ከረሃብም ይወለዳል ለካ።

አሥራ ዘጠነኛው ቤት ዝግ ነበር፤ በሩ ላይ የዱባ ሐረግ ወጥቶበታል። በእሱ ፋንታ ጎረቤት ገባን። የሩዝ ፈንዲሻ አቀረቡልን። ስድስት ሰው፣ የሞተ የለም። ደስ ብሎኝ ዕጣ 19 ላይ ጻፍኩት።

ፋልጉን 9
ሦስት ዝግ ቤት። ሦስቴም ወደ ጎረቤት። ልክ ነው ወይ ብዬ ሞኒርን ጠየቅሁት።

«ዝግ በር አፍ አለው እንዴ፣ አንተ ታራ? መላሽ የሚለው ላይ ምን ልትጽፍ ነው?»

ሳቅን።

ፋልጉን 15
ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ ሞኒር ብቻውን ኮልሚዳንጋ ደርሶ መጣ... እህቴ ሹሮማ የተዳረችበት መንደር። ከረሃቡ ወዲህ ደብዳቤ የለም። እኔም አልሄድኩም። ፈርቼ ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ዛሬ እሱ ሌላ መንደር ሲሄድ ቅጹን አየሁት። ዕጣው 11። ከኩሬው አሥራ አንደኛው የሹሮማ ቤት ነው! አምስት ሰው፣ የሞተ የለም። አምስት... እሷ፣ ባሏ፣ አማቷ፣ ሁለቱ ልጆች። በደስታ አለቀስኩ።

ፋልጉን 18
ለልጆቹ የቴምር ስኳር ይዤ ሄድኩ።

በሩ ዝግ ነው። ሐረግ ወጥቶበታል።

ጎረቤቷ አሮጊት አወቀችኝ። «ዘገየህ ልጄ» አለች። መጀመሪያ ልጆቹ፣ ከዚያ አማቷ፣ ከዚያ ባሏ። ሹሮማ መጨረሻ። ወንድሜ ይመጣል ትል ነበር አለችኝ። ጠያቂው ሞኒር አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ አሮጊቷ ቤት ገባ። እነሱ አምስት ናቸው፤ ሁሉም ተርፈዋል።

ሞኒርን ልረግመው ቃጣኝ። በየት አፌ? የአሥራ ዘጠነኛውን ቤት ጎረቤት ፈንዲሻ የበላሁት እኔው። የተረፈውን ብቻ እየጠየቅን የሞተ የለም አልን።

ፋልጉን 20
ለሺሺር ባቡ ነገርኳቸው። «ከድስቱ ሥር ያረረውን አልነካነውም ማለት ነው» አሉ። ቁጥሩ ግን ተልኳል። ሞት ሲያንስ እህሉም ያንሳል። ይታረም ብለው ይጽፋሉ፤ የሚሰማቸው ይኑር አይኑር እንጃ። ዝግ ቤቶቹ ጋ ልመለስ አልኩ፤ ፈቀዱ። ሞኒር ምንም ሳልለው ጃንጥላውን አነሣ።

ቾይትሮ 2
ወሩ ተለወጠ። ሠላሳ አንድ ዝግ ቤት። የነበሩትንና የሞቱትን ከጎረቤት እየጠየቅን ሞላን። ዘጠኙ ተሰደዋል። ከሃያ ሁለቱ አንድም የተረፈ የለም።

ኮልሚዳንጋን መጨረሻ አደረግሁት። ሞኒር እኔ ልጻፈው አለ፤ እምቢ አልኩት።

ቤት 11። የነበሩ፦ አምስት። የሞቱ፦ አምስት።
መላሽ፦ ወንድም።