ታድሶ ስለወጣው አልበምና ከውስጡ ስለወጣችው ተቀባይ

ለተከበሩ የሙዚቃ አሳታሚው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? የልብዎ ምት እንደ አዲሱ አልበም ከበሮ ዝንፍ የማይል ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድምፃዊዎ የታወቀበት የመጀመሪያ ዘፈን ሲቀዳ አዝማቹን የተቀበለችው ታናሽ እህቴ ነበረች። ዘፈኑ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው ታማ ሞተች፤ ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላትም። ቤት የነበረው ካሴት ከተበላሸ ወዲህ እናቴ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ የምትከፍተው ለዜና አይደለም።

1ኛ. የቆዩ ዘፈኖችን አጽድተው እንደ አዲስ ስላስቀዱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አዲሱ ቅጂ በሬዲዮ የመጣ ዕለት እናቴ ድስቷን ከእሳት አውርዳ ጆሮዋን አስጠጋች፤ አዝማቹ ሲደርስ በእህቴ ቦታ የማሽን ድምፅ ገባ። «ልጄን የት አደረሷት?» አለችኝ። መልሱን እርስዎ ያውቁታል ብዬ ወደ ቢሮዎ መጣሁ።

2ኛ. መስተንግዷችሁ የሚያኮራ ነው። ባለሙያዎ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «አባቴ፣ ልጅቷ ከቅኝቱ ትንሽ ከፍ ትል ስለነበር አስተካክለናታል» አለኝ፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም አሮጌውን እንዳያጫውቱ በትሕትና መጠየቃችሁን ጨመረልኝ። ሌላው ሰው ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል፤ እርስዎ ግን ሙት አራሚ በመሆንዎ ከሁላችንም ይበልጣሉ።

3ኛ. በአልበሙ ከተካተቱት የሌሎች ዘፋኞች ሥራዎች ባለቤቶች አንድም በሕይወት እንደሌለ ሳስተውል ብልህነትዎን አደነቅሁ። የሞተ ሰው ዘፈኔን ምን አደረጋችሁት ብሎ በር አያንኳኳም።

4ኛ. ድምፃዊውን እንዳይቆጡብኝ እለምናለሁ። ለአልበሙ ምርቃት የሚለብሰው ሱሪ ጠብቦት ሊያስሰፋ ሱቄ መጥቶ፣ ወገቡን እየለካሁ የማን ወንድም እንደሆንኩ ነገርኩት። ሱሪውን ትቶ ወጣ። ተቀየመኝ ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ ቤቱ ያስቀመጠውን የድሮ ቅጂ ሊያመጣ ኖሯል። ቤታችን ይዞት መጥቶ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ አብሯት ሰማ። የእህቴ ድምፅ ሲመጣ እናቴ እጁን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ አዲሱን ስቀዳ የምይዘው አጣሁ፤ ያኔ እሷን ነበር የምከተለው» አላት። ቅጂውን ለእናቴ ትቶላት ሄደ። ሱሪውን በነፃ አሰፋሁለት።

እናቴ የራሷን አግኝታለች። ሆኖም የሌሎች እናቶች ልጆችም በአሮጌዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ይኖራሉና፣ ጣቢያዎቹን ዝም ያሰኙበት ያ ትሕትናዎ ዛሬ አሮጌዎቹን እንዲያጫውቱ ቢፈቅድላቸው ውለታዎን አንረሳም።

ዘወትር አድማጭዎ፣ በጥራትዎ ብዛት ጆሮው የጠራለት
ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአልበሙ ሽፋን «ልዩ ምስጋና» በሚለው ሥር የውሻዎን ስም አነበብኩ። የእህቴን ፈልጌ አጣሁ። ውሻው የተሳተፈበትን ዘፈን ለመለየት ሁሉንም በጥሞና አዳመጥኩ፤ አምስተኛው ከሆነ፣ ከአልበሙ ሁሉ ከልቡ የጮኸ እሱ ብቻ ነውና እንኳን ደስ አለው ይበሉልኝ።