ያልተሻገርኩት ወንዝ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የመጽሐፌ ሁለተኛ እትም ዛሬ ቤተ መጻሕፍታችን ደረሰ። አምስት ቅጂ። ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም መትቼ፣ «ጉዞና ታሪክ» ከሚለው መደርደሪያ ላይ ደረደርኩት። አሳታሚው ደወለ። ቅዳሜ ሳምንት አንባቢዎች ይሰበሰባሉ፣ ስለ ጉዞሽ ታወሪላቸዋለሽ አለኝ።

ስለ ጉዞዬ...

ከወንዙ ማዶ ስላለው አገር ለመጻፍ አርባ አንድ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። የገዢዎቹን ታሪክ፣ የነጋዴዎቹን ማስታወሻ፣ የሸማኔዎቹን ዘፈን ሳይቀር። የትኛው ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚቆም በቃሌ እወጣዋለሁ። እግሬ ግን ከዚህች ከተማ ወጥቶ አያውቅም። መኪና ገና ሲነሳ ያጥወለውለኛል፤ ሰበቤ ይሄ ነው። «ከመጻሕፍት የተጠናቀረ» ብዬ ብጽፍ ማን ይቆጣኝ ነበር? አልጻፍኩም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

አንድ ሽማግሌ መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ባለፈው ዓመት የአንባቢ ካርድ አውጥቼላቸዋለሁ። ዛሬ የያዙት የእኔን መጽሐፍ ነው። እርሳስ ያልነካው ገጽ የለውም። እናታቸው የማዶ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ወደዚህ መጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። «የእናቴን መንደር ሳላይ መቃብር አልገባም» አሉኝ። ሰኞ ከልጃቸው ጋር ሊሄዱ ነው። የሚመራቸው የእኔ መጽሐፍ ነው።

ገጽ ሰማንያ ሁለትን ገልጠው አነበቡልኝ። «በሦስተኛው መታጠፊያ ያለው መልካ በበጋ አያሰጋም። እኔ ስሻገር ውሃው ከጉልበቴ አላለፈም።»

ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ አንቺ መለሎ ነሽ። እኔ እንደምታዪኝ ድንክ ነኝ። የኔንስ ጉልበት ያልፍ ይሆን?»

ያ ጉልበት የእኔ አይደለም። ከሰባ ዓመት በፊት የተሻገረ የአንድ መሬት ቀያሽ ጉልበት ነው። ከማስታወሻው ላይ እንዳለ ወስጄ የራሴ አደረግኩት። ጽሑፉ ነፍስ ይዝራ ብዬ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ አያሰጋም» አልኩ።

እንዲህ አልኩ። በገዛ አፌ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ደውዬ እውነቱን ልንገራቸው? ቁጥራቸው የለኝም።

ውሸት። ካርዳቸው ላይ አለ። የሞላሁትም እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ ጠዋት ሄዱ። እስከ ምሳ ሰዓት ራሴን ሳጽናና ቆየሁ... በጋ ነው፣ ጠብታ ዝናብ የለም፣ ወንዝ እንደሆነ ከቦታው አይሄድም።

ከሰዓት በኋላ አላስችል አለኝ። ማንም የማይነካውን የመንግሥት መጽሔቶች ሣጥን ፈታሁ። አቧራው አስነጠሰኝ። አንዱ ላይ፣ ገጽ ዘጠኝ... ከመልካው በላይ ግድብ ተሠርቷል። ከተመረቀ አራት ዓመቱ። በሩ ሲከፈት በበጋም ቢሆን ወንዙ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሞላ ሰው ወደ መልካው እንዳይወርድ ይላል። አርባ አንዱም መጽሐፍ ይህን አያውቅም። ከየት ያውቃል? ሁሉም ከግድቡ በፊት የተጻፉ ናቸው።

ለመምህሩ ደወልኩ። አይሠራም። ስምንት ጊዜ ደወልኩ፣ አይሠራም።

የማዶው አስተዳደር ስልክ መጽሔቱ ጀርባ ላይ አለ። ልደውል? ምን ብዬ? ያልሄድኩበትን ሄድኩ ብዬ ጽፌ ሰው ላክሁባችሁ ልበል? ዛሬ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ያድራል፤ ነገ ስልካቸው ይሠራ ይሆናል...

ነገ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አሁንም አይሠራም። ለእህቴ ነገርኳት። ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቁማ እስክጨርስ ሰማችኝ። አልተሳደበችም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «የቱ ይቅደም፣ ስምሽ ወይስ ሰውየው?» አለች። የማዶውን አስተዳደር ቁጥር ራሷ ደወለችና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ያነሳችው የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ናት። የሽማግሌውን መልክ፣ የልጃቸውን ነገር፣ የእኔን መጽሐፍ ይዘው ወደ መልካው መሄዳቸውን ነገርኳት። ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ከዋናው መንገድ ወርደው መልካው ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸዋል? መጽሐፉን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ያውቁታል።»

«አላውቅም» አልኩ። «መጥቼ አላውቅም።»

እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጸሐፊዋ ነገ ማለዳ ሰው እልካለሁ፣ ዛሬ ሞተር ብስክሌቱ ሌላ ቦታ ነው አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ሞተሩ ትናንትና እዚያው ነበር ይሆን? አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ምንም ወሬ የለም። ስልክ በጠራ ቁጥር ሮጬ አነሳለሁ። አንዴ አሳታሚው ነበር። ቅዳሜ የወንዙን አሻጋገር ብታነቢልን፣ ሰው የሚወደው እሱን ነው አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ልጃቸው ደወለች። ድምጿ ደርቋል።

ትናንት ረፋድ ላይ መልካው ደርሰዋል። ውሃው በእርግጥም ከጉልበት በታች ነበር። አባቷ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እየሳቁ፣ ቀድመው ገቡ። መሃል ሲደርሱ ከላይ ድምፅ ሰማች፤ የጭነት መኪና መስሏት ነበር። ውሃው ወሰዳቸው። ዝቅ ብሎ የወደቀ ዛፍ ያዛቸው እንጂ አልቆላቸው ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሞተረኛ ያን ጊዜ ደረሰ፤ ገመድ ይዟል፤ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆኖ አወጣቸው። ግራ እግራቸው ከሁለት ቦታ ተሰብሯል። ነገ ወደዚህ ከተማ ሆስፒታል ያመጧቸዋል።

«አንቺ ባትደውዪ ኖሮ አባቴን ቀብሬ ነበር የምመለሰው» አለችኝ። «እግዜር ይስጥሽ።»

አመሰገነችኝ።

እኔን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጠዋት ለአሳታሚው ሁሉንም ነገርኩት። ዛሬን ብቻ እንደምንም እለፊው፣ ሰኞ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን አለ። አልችልም አልኩት። ሆስፒታል ሄድኩ።

መምህሩ እግራቸው ተሰቅሎ ተኝተዋል። ልጃቸው ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ተናገርኩ፤ ስለ ቀያሹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ሰኞ አውቄ እስከ ማክሰኞ ስለመዘግየቴ። ልጅቷ ቦርሳዬን ከአልጋው ጫፍ አንስታ በሩ ጋ አስቀመጠችውና ወጣች።

እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተማርኩ» አሉ። «ካስተማርኳቸው አገሮች አንዱንም አላየሁም። ግን ለልጆቹ 'ካርታው እንዲህ ይላል' እል ነበር። 'ካርታው ይላል' ማለት ምን ይከብዳል፣ ልጄ?»



ሰኞ፣ መጋቢት 1

መጽሐፉ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። ጋዜጣ ላይ በስሜ ማስተካከያ አወጣሁ፤ መልካው እንደተዘጋ፣ እኔም እንዳልተሻገርኩት። ሥራ ቦታ ሰላምታው ቀንሷል። ይገባኛል።

ዛሬ መምህሩ ደወሉ። እግራቸው ከእንግዲህ ለዚያ መንገድ አይሆንም ብሏቸዋል ሐኪሙ። ልጃቸው እኔን ማየት አትፈልግም፤ እሳቸው ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ። «እኔ ካልሆነልኝ አንቺ ሂጂልኝ» አሉ። መኪና አይስማማኝም ልል አፌን ከፍቼ... ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ማዶ ነኝ።

አራት ጊዜ አስመለሰኝ፤ ሹፌሩ ፌስታል ማቀበል ሰለቸው። ከአውቶቡስ ስወርድ ሞተረኛው ጠበቀኝ። የምንሻገረው ከመልካው በላይ ባለው ድልድይ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ በዚያ ነው የሚሄደው፤ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

መንደሩ ወደ ላይ ተዛውሯል። ከድሮው ቦታ የቀረው ትንሽ ነው። የመምህሩን እናት ቤት ያሳዩኝ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ የመምህሩ አጎት ልጅ እንደሆኑ ነገሩኝ። በአንድ ዓይናቸው ነው የሚያዩት። ማን ላከሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ቤት የለም። ስንት ጊዜ በሐሳቤ የሣልኩት በር፣ ጓሮ፣ አንዱም የለም።

ለመምህሩ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ? የሚያምር ነገር ብጨምርስ? አንዲት ዛፍ ብቻ... ማን ያይብኛል?

ደወልኩ። ቤቱ እንደሌለ ነገርኳቸው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከኋላቸው የልጃቸው ድምፅ «እሷ ናት?» ሲል ሰማሁ፤ ስልኩን ግን ነጥቃ አልዘጋችብኝም።

«አሁን እዚያው ቆመሻል?»

«ቆሜያለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የምታዪውን ንገሪኝ። ከግራ ጀምሪ።»

ከግራ ጀመርኩ።