የተቀበርኩበት ስም

ለውድ እናቴ፣

እማ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። «አለሁ» ስልሽ እንደ መንደሩ ሰው አታማትቢብኝ። የሚያነብልሽ አቶ አድማሴ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ በሩን ዝጊ።

ፍኖተ ሰላም በረንዳ ላይ ስድስት ዓመት ማደሬን ሰምተሻል። አድማሴ አርብ አርብ እኛን ጎዳና የወደቅነውን የአገው ልጆች ሰብስቦ የጠፋብንን ቋንቋችንን፣ አውኚን፣ ያስተምረናል፤ ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥረናል። የቻለውን አገሩ ወስዶ ለሽማግሎች ያስረክባል። ባለፈው ወር የእኔ ተራ ደረሰና ይዞኝ መጣ። እልል የምትይ መስሎኝ ነበር፤ ምነው እግሬን በሰበረው!

ሽማግሎቹ ፊት ቆሜ ሰባቱን በአውኚ ቆጠርኩ፤ አንድም አልሳትኩም። የአጎቴ ልጅ ባዬ ከነበርጩማው ወደኋላ ሸሸ። «ዓምና ነው የቀበርናት» አለ። እናቶች ልጆቻቸውን ከአጠገቤ ጠሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ቄሱ ሙታንን ሲያስቡ የክርስትና ስሜን፣ እህተ ማርያምን፣ ሲጠሩ ሰማሁ። መሬቱ እግሬን የያዘው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አርብ ስሜ ሲጠራ ቶሎ አቤት ማለት አቅቶኛል። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው አቤት የሚል ይመስለኛል።

ከዚያ አንቺ መጣሽ። ነጠላዬን ገለጥ አድርገሽ በልጅነቴ ውሻ የቆረጠውን ጆሮዬን አየሽ። በጣትሽ ዳበስሽው። ነጠላውን መለስሽልኝና ለሰዉ «ልጄን በእጄ ገንዤ ቀብሬአለሁ» አልሽ።

አልዋሽሽም፣ ተቀይሜሻለሁ። የቀበርሻት እንቁ ናት፣ የበረንዳ ጓደኛዬ። ብርድ ነው ብዬ ጋቢዬን አውሼያት፣ መታወቂያዬ ጫፉ ላይ እንደተቋጠረ፣ ቡሬ መንገድ ላይ መኪና ገጫት። ሬሳዋን የት እንዳደረሱት አላወቅሁም ነበር፤ ለካ መታወቂያዬን አይተው እኔ ናት ብለው ለአንቺ አምጥተውልሻል። ብቻሽን ገብተሽ አጠብሻት አሉኝ። እማ፣ የእሷ ጆሮዎች ሁለቱም ደህና ነበሩ። እኔን መጠበቁ ይህን ያህል አድክሞሽ ነበር?

ትናንት አድማሴ መልእክትሽን አደረሰኝ። «የዚያችን ልጅ የክርስትና ስም ጠይቅልኝ፤ ጸሎቱ በሰው ስም እንዳይቀርባት» ብለሻል። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እንቁ ሕፃን ሆና ነው ጎዳና የወጣችው፤ እንኳን የክርስትና ስሟን የአባቷንም ስም አታውቅም ነበር። አርብ ሁላችንም ስንቆጥር እሷ አፏን ይዛ ትቀመጥ ነበር። አንጀቴን ስትበላኝ የእኔን ሰባት አባቶች አስቆጠርኳት፤ የክርስትና ስሜንም «ውሰጂው፣ ጸልዪበት» ብዬ ሰጠኋት። እስክትሞት በእሱ ጸለየች።

ስለዚህ ጸሎቱ ለባለቤቷ ደርሷል፤ አታስነኪባት። ያለ ስም የቀረሁት እኔ ነኝ። አንድ ስም አውጪልኝ፤ አርብ እዚህ ድረስ መጥተሽ በሱ ጥሪኝ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ደጅሽን ሰላም ያድርገው።

ልጅሽ