በስሜ ስለ በረረችው ሴትና ስለ እኔ ስለ ታሰሩት ጋሽ ብሩ

ሐምሌ 1983 ዓ.ም.
አሰበ ተፈሪ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማረፊያው የጉዞ ሰነድ ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ መንግሥት ሲለዋወጥ ንቅንቅ ያላለው ወንበርዎም እንዴት ከርማችኋል? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። በእርስዎ መዝገብ ጂዳ እንደምኖር ስለማውቅ፣ ይህን የምጽፍልዎት ከአሰበ ተፈሪ መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅዎ እወዳለሁ፤ ግራ እንዳይገባዎ።

ዙለይኻ ሐሰን እባላለሁ፤ ገበያው ዳር ጨርቅ እሸጣለሁ። አምና በጥር፣ ጂዳ የተዳረችው አንዲት ልጄ ሰሚራ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ልትገባ መሆኑን፣ “እናቴን ሳላይ አልተኛም” ማለቷንም ባሏ ላከብኝ። በዚያ ዘመን የመውጫ ቪዛ የሚሰጠው እንደሚመለስ ዋስ ለጠራ ሰው ብቻ እንደ ነበር እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ዋስ የሆኑኝ በሱቄ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ብሩ ናቸው። ሲፈርሙ፣ “ካልተመለስሽ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?” ብለው ሳቁ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በማረፊያው በር ላይ ስለ ተደረገልኝ ጥንቃቄ የተሞላበት ፍተሻ አመሰግናለሁ። ሠራተኛዎ ለልጄ የያዝኩትን ቅቤ በሽቦ ወግቶ ወግቶ መረመረው፤ በሶውንም በጣቶቹ አመሰው፤ ወርቅ እንዳልደበቅሁ ከተረዳ በኋላ ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግፎልኝ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ። አጎንብሼ ስሰበስብ ከጎኔ ያስቀመጥኩት የእጅ ቦርሳ ከነፓስፖርቴና ከነትኬቴ ጠፋ። ለቅቤው የተደረገው ጥበቃ ግን እንከን አልነበረውም።

ሁለተኛ፣ እርስዎ ራስዎ ላሳዩኝ መረጋጋት አመሰግናለሁ። እየሮጥኩ መስኮትዎ ድረስ መጥቼ፣ “ጌታዬ፣ ፓስፖርቴ አሁን ተሰረቀ፤ አውሮፕላኑ ገና አልተነሣም፤ ዙለይኻ ነኝ ብላ የምትመጣውን ያዙልኝ” ስልዎ፣ የሻይ ብርጭቆዎን በቀስታ አስቀምጠው፣ “እናቴ፣ መጀመሪያ ከሚኖሩበት አገር ፖሊስ ማስረጃ ያምጡ” አሉኝ። አሰበ ተፈሪ ደርሼ እስክመለስ አውሮፕላኑ ይጠብቀኛል ወይ ብዬ ብጠይቅዎ፣ መልስዎ “ቀጣይ!” የሚል ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሲነሣ አየሁት። ግንባሬ ላይ ከልጅነቴ የቀረ ጠባሳ አለ፤ ፎቶግራፌ ላይም ጉልህ ሆኖ ይታያል። በእኔ ፓስፖርት ያለፈችውን ሴት ማንነት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያን ጠባሳ ግን ከየት አምጥታ እንዳሳየችዎ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አማቼ ጂዳ ላይ ሲጠብቀኝ ዋለ። መንገደኛው ወጥቶ ሲያልቅ ቢጠይቅ፣ ዙለይኻ ሐሰን የምትባል ሴት ገብታ ሄዳለች አሉት። ሰሚራ ቀዶ ሕክምናው ክፍል የገባችው ይህንኑ ሰምታ ነው። እኔ ስልክ ፍለጋ ስንከራተት፣ የእሷ ድምፅ በካሴት ተቀድቶ ከአንድ ነጋዴ ጋር ቀድሞኝ ደረሰ፤ “እማ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሆነሽ፣ ምን ባጠፋ ነው ያልመጣሽልኝ?” ትላለች። ያን ካሴት ዳግመኛ ከፍቼ አልሰማሁትም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ጋሽ ብሩ ነው፤ እሱን ለመጻፍ እጄ እሺ አይለኝም። የመመለሻዬ ቀን ባለፈ ጊዜ፣ “ዋስ የሆኑላት ግለሰብ ከድታለችና ያቅርቧት” የሚል ትእዛዝ መጣ። እኔው እጃቸውን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። “የከዳሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው ቀርቤያለሁ” አልኩ። መታወቂያዬን ባሳይ፣ በድንበር ሾልከሽ ተመልሰሽ ይሆናል ተባልኩ። አዛዡ ራሱ ሚስቱ ከእኔ ጨርቅ ትገዛለችና፣ “እኛማ እናውቅሻለን፤ ግን ከአየር ማረፊያው ‘አልወጣችም’ የሚል ወረቀት ካላመጣሽ ልፈታቸው አልችልም” አለኝ። ጋሽ ብሩ ታሰሩ። ምሳቸውን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ አዲስ ዘበኛ በተተካ ቁጥር ለእስረኛው ምናቸው እንደሆንኩ ይጠይቀኛል፤ የጠፋሁባቸው ሰው ነኝ እለው ነበር።

ወረቀቱን ፍለጋ ወደ እርስዎ ስንት ጊዜ እንደ መጣሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። በመጨረሻ ሲያናግሩኝ ያሉትን ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ “በመዝገባችን ወጥተዋል፤ የወጣ ሰው ደግሞ እዚህ ቀርቦ ማመልከት አይችልም።”

በዚህ መሃል ፓስፖርቷን ሸጣ ነው የሚለው ወሬ ቦኬ ገበያ ድረስ ተሰማ። አንድ ቀን የጋሽ ብሩ ባለቤት የሺሐረግ፣ ለዓመታት በዓሏንም በዓሌንም አብረን ያሳለፍን ጎረቤቴ፣ ሱቄ ገብታ በሩን ዘጋችና፣ “ዙለይኻ፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሸጠሽው ነው?” አለችኝ። አልተቆጣሁም። ባሏ የታሰረባት ሴት ምን ትጠይቅ? በልጄ ማልኩላት። ማመኗን ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ቡና ስትጠራኝም ፊቷን አጠናለሁ።

ጋሽ ብሩን የፈታቸው የእርስዎ ወረቀት አይደለም። ባለፈው ግንቦት ዘበኞቹ መሣሪያቸውን ጥለው ሲሄዱ፣ ከሌሎቹ እስረኞች ጋር በተከፈተው በር ወጡ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷቸዋል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው የሚያልፈውን ሰው ያያሉ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ወሬ ይለውጣሉ።

ሰሚራ አላህ ይመስገን ተርፋለች፤ እውነቱንም ሰምታለች። ነገር ግን ገና አልጠናችም፤ ነይልኝ ትላለች። በዚህ ወር አዲስ ፓስፖርት ለማውጣት መዝገቤን ላስተካክል ብመጣ፣ በአዲሱ ዘመን ያው እርስዎ ተቀበሉኝ፣ ወደ አገር ተመልሼ ለመግባቴ ማረጋገጫ እንዳመጣም አዘዙኝ። ያልወጣሁበትን በር በየት በኩል ልግባበት? እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ሜትር ይዤ ስንት እንደ ለካሁ እረሳለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንዱን ለእርስዎ ልኬ፣ አንዱን ሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማንበብ የሚችል ያንብበው፣ የማይችል ያስነብበው።

ጤናዎንና ዕድሜዎን አላህ ያብዛልዎ፤ ልጅዎ ታምማ ስትጠራዎም፣ መስኮቱ ላይ ከተቀመጠ እንደ እርስዎ ያለ ኃላፊ ይሰውርዎ።

ከአገሯ ሳትወጣ መመለስ ያቃታት
አክባሪዎ
ዙለይኻ ሐሰን

ማስታወሻ፦ ትናንት አንድ ደላላ ሱቄ ገብቶ የሌላ ሴት ፓስፖርት አሳየኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ቀጭን፣ ጠይም ወጣት ናት፤ ይህን ጊዜ የት ቆማ እንደምታለቅስ አላህ ይወቅ። እኔን እንደማትመስል ብነግረው፣ “አይዞሽ እናቴ፣ እዚያ ፊት የሚያይ የለም” አለኝና የእርስዎን ስም ጠርቶ እጅግ አመሰገነዎት። ላባርረው ተነሥቼ ነበር። ነገ ተመለስ አልኩት።