እትዬ "ድፊው" ያለችው ቢራ

ውድ እትዬ፣

መቀስሽን አስቀምጪና ቁጭ በይ። ጨርቁንም ከጭንሽ ላይ አውርጂው፤ ደንግጠሽ ብትቀድጂው አክስታችን እኔን ነው የምትረግመው። ደህንነትሽን ከሷ ሰምቻለሁና የጤናውን ነገር ለዛሬ እንለፈው። እኔ እንደሆንኩ ደህና ከመሆን አልፌ ጣሪያ ልነካ ነው። ስልክ አላነሳ ስላልሽኝ በጽሑፍ መጣሁብሽ። አሸንፈናል! አንደኛ! የከተማው ጠመቃ ቤቶች ያቀረቡት ኢንዲያ ፔል ኤል፣ ያ መራራው ቢራ ሁሉ ተሰልፎ፣ ተቀምሶ፣ ነጥብ ተሰጥቶት አንደኛ የወጣው የኛ ቢራ ነው። የኛ ስል ደግሞ የኔ አይደለም፣ ያንቺ ነው። ያ "ድፊው" ብለሽኝ የሄድሽው።

አዎ፣ አልደፋሁትም። ተቆጪኝ፤ ቁጣሽም ናፍቆኛል።

ጉንፋኑ ከለቀቀሽ በኋላ አንድ ነገር እንደተለወጠ መጠርጠር ነበረብኝ። የብቅል ጆንያ ገና ሳይፈታ "ይኼ እርጥበት ነክቶታል" የምትይው ሴትዮ፣ የፈረንጁን ጌሾ፣ ሆፕሱን፣ በመዳፍሽ ፈትገሽ አፍንጫሽ ላይ ታስጠጊና ዝም ብለሽ ትቆሚ ጀመር። እኔ ሞኟ የምታስቢ መስሎኝ፣ ጠማቂ ሲያስብ አይረበሽም ብዬ ኮቴዬን አጥፍቼ አልፍሻለሁ። ለካ ሽታው እስኪመጣ እየጠበቅሽ ነበር። ከዚያ ያ አናጺው ደንበኛችን ብርጭቆውን ይዞ መጣና "ቢራችሁ ዛሬ የተቀቀለ ጎመን ጎመን ይሸታል" አለ። አሸተትኩት፤ እውነቱን ነው። አንቺም አሸተትሽው። "ምንም የለውም" አልሽ። ደግመሽ አሸተትሽው። ከዚያ የብቅሉ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለሽ ፊትሽን በሽርጥሽ ሸፈንሽ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩሽ።

"ከጉንፋኑ ጀምሮ። ይመለሳል ብዬ ነበር።"

"ታዲያ ታንከር ውስጥ ያለውን አዲሱን በምን ጠመቅሽው?"

"በምላሴ፣ በግምት፣ ምን አውቃለሁ! ድፊው። ሳላሸት የሠራሁትን ለሰው አላጠጣም።"

ሐኪሙም "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" ብሎ ሲያሰናብትሽ፣ ሽርጥሽን አጥፈሽ አክስታችን ጨርቅ ሱቅ ገባሽ። የኛ ጠመቃ ቤት፣ ያ ከጎማ ጠጋኙ ተከራይተን ዘይቱን በእጃችን ፍቀን ያጸዳነው ቤት፣ ያለ ጠማቂ ቀረ። እኔ እቀምሳለሁ፣ እሸጣለሁ፣ አወራለሁ እንጂ ጠምቄ አላውቅም።

ልደፋው ሞክሬያለሁ፣ አንቺን ይንሳኝ። ቱቦውን ታንከሩ ላይ ገጥሜ፣ ጫፉን ፍሳሹ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። መልሼ ፈታሁት። ልቅመሰው ስል ደግሞ እሱንም ፈራሁ። ሥራዬ መቅመስ ሆኖ መቅመስ አቃተኝ፣ ታምኛለሽ? ብቀምሰውና ተበላሽቶ ባገኘው "እትዬ እውነትም አበቃላት" ማለት ሆነብኝ። ስለዚህ የፈሪ ሥራ ሠራሁ። ሳልቀምስ በጠርሙስ ሞላሁት፣ ቆርኪውን መታሁ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ደርድሬ በሩን ዘጋሁበት። የውድድር ቢራ አስረክቡ ስንባል ደግሞ ሌላ የማቀርበው አልነበረኝም። የመጣው ይምጣ ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ውድድሩ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነበር። ሰብሳቢዋ ያቺው ጡረታ የወጣችው የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ አሁንም ሰው ሁሉ ተማሪዋ ይመስላታል። በር ላይ ቆማ እኛን ዳኞቹን አንድ በአንድ አሸተተችን። ሽቶ የተቀባ፣ ሽንኩርት የበላ፣ ከንፈሩን ያቀለመ ዳኛ አይገባም። የኔን ከንፈር በመሐረብ ጠረገችልኝ፣ ሕፃን ይመስል! ጠርሙሶቹ ማንነታቸው እንዳይታወቅ በጥቁር የወንድ ካልሲ ተሸፍነው አንገታቸው ላይ ቁጥር ታስሯል። "አዲስ ካልሲ ነው" ብላ ምላልናለች፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫ ባይኖረኝ ብዬ ተመኘሁ። ይቅር በይኝ፣ እንዲህ ያለ ቀልድ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የዳኝነቱን ሥርዓት ታውቂዋለሽ። ብርጭቆውን በመዳፍ ከድነሽ ታሽከረክሪያለሽ፣ መዳፍሽን አንስተሽ ታሸቺያለሽ፣ ትጎነጫለሽ፣ ትውጫለሽ። መትፋት የለም፤ የዚህ ቢራ ምሬት ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ነውና የሚታወቀው። በየመሃሉ ደረቅ ዳቦና ውሃ። ከየጠመቃ ቤቱ አንድ አንድ ዳኛ ስለተቀመጠ የራስን ቢራ መዳኘት ደግሞ ነውር ነው። የራሱን ያወቀ ብርጭቆውን አስቀምጦ "ዘመዴ ነው" ይልና ያ ቢራ እስኪያልቅ ውጭ ይቆማል።

ከጎኔ ማን ተቀመጠ መሰለሽ? ጢሞ! ያ ከድልድዩ ማዶ ያለው ጠማቂ፣ በመጣ ቁጥር "እህትሽ ምን ጨምራበት ነው?" እያለ የሚያደርቀኝ። አረፋው ጢሙ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ቀና ብሎ ሲያናግርሽ ሳቅሽን መያዝ ይቸግራል።

ጀመርን። አንዱ ሽቶ ቤት የገባሁ አስመሰለኝ። አንዱ የማንጎ ጭማቂ ነው፣ ቢራነቱን ረስቶታል። አንዱን የሣሙና ውሃ ብዬ ጻፍኩበት። ሁሉም ሆፕስ እላዩ ላይ ጭነው ጭነው፣ ብርጭቆው ገና ከሩቅ ሲመጣ ይጮሃል። ከዚያ አንድ ብርጭቆ መጣ። መዳፌን ሳነሳ የብርቱካን ልጣጭ! ያ የድሮው ቢራሽ ሽታ፣ በአውራ ጣት ሲላጥ ዓይን ውስጥ የሚረጨው ዓይነት። አልጠፋችም! ሳይሸታትም ያንኑ ቢራ ሠርታዋለች! ዓይኔ እንባ እያቀረረ ብድግ አልኩና "ዘመዴ ነው!" ብዬ ጮህኩ። አስተማሪዋ "በቀስታ" አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ብቻዬን ስዘል የመጻሕፍት ጠባቂው በመስኮት አይቶኝ መጋረጃውን ዘጋ።

ተመልሼ ስቀመጥ የሚቀጥለው ተቀድቶ ነበር። አረፋው ወፍራም፣ ቀለሙ የጠቆረ ማር። ከደንኩ፣ አሸተትኩ፤ ትንሽ የጥድ ሙጫ፣ ከዚያ ጸጥ። ጢሞ አፍንጫውን ሸበሸበ።

"ሽታው የታለ? ይኼ ቢራ ማለት እኮ ሆፕሱ ከበር ሲጣራ ነው" አለ።

እኔ ግን ተጎንጭቼ ነበር፣ እትዬ። እንዴት ልንገርሽ? ምሬቱ ሲገባ አልቸኮለም። መጀመሪያ የብቅሉ ጣፋጭነት ምላሴ ላይ ተዘረጋ፣ ከዚያ ምሬቱ ቀስ ብሎ ከጎንና ከጎን መጣ፣ ምላሴ ሥር ሲደርስ ተቀመጠ። አልቧጨረኝም። ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ልክ መሄዱን ስታውቂ ሌላ ጉንጭ ያሰኝሻል። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ምሬት ቀምሼ አላውቅም።

"ሲጣራ የዋለውን ሁሉ ሰማንልህ፣ ጆሯችን ደነቆረ!" አልኩት። "አንተ ዋጠውና ጠብቅ። አፍህን ግን ዝጋ።"

"አትጨቃጨቁ" አለች አስተማሪዋ። "ደግማችሁ ቅመሱ።"

ጢሞ ዋጠ። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ጠበቀ። ከዚያ የሰጠውን ነጥብ ሰርዞ ከፍ አደረገው። እኔማ ከዚያ በፊት ለማንም ሰጥቼ የማላውቀውን ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ጉዱ መጣ። ካልሲ ማውለቅ የተጀመረው ከሦስተኛው ነው። ሦስተኛ የወጣው የብርቱካን ልጣጩ ቢራ ነበር። "ሦስተኛም አይከፋም፣ ተመስገን" ብዬ ልነሳ ስል አስተማሪዋ ካልሲውን አወለቀችው። የጢሞ ጠርሙስ! መልሼ ቁጭ አልኩ።

"ዘመዴ!" አለኝ ጢሞ፣ እጁን ዘርግቶ እየሳቀ።

"ሌባ!"

"ሌባ አትበዪኝ። የራሴን ስላወቅሁት ነጥብ አልሰጠሁትም። የእህትሽን ቢራ ለመምሰል ስንት ጊዜ ለፍቼ መሰለሽ? አንቺን ካሳሳትኩ ተሳክቶልኛል።"

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። ለሰው ቢራ አልቅሼ ወጣሁ፤ ታዲያ ያንቺ የቱ ነበር? ማንጎው? ወይ አምላኬ፣ የሣሙና ውሃ ያልኩት? በገዛ እጄ ቀብሬሽ ቢሆንስ? ሁለተኛው ሲወልቅ የሌላ ሰው ነው። አንደኛው ያ የጥድ ሙጫው ቢራ ነበር፤ ካልሲው ጠብቆ አልወልቅ አላት፤ አስተማሪዋ ጠርሙሱን በጉልበቶቿ ይዛ ጎተተችው። መጀመሪያ የታየኝ አንቺ የጠርሙሳችን ወረቀት ላይ የሣልሽው ጠማማ ድስት ነው።

ጮህኩ አልልሽም፤ አበድኩ! ብርጭቆዬ ወድቆ ተሰበረ፣ ወንበሬ ተገለበጠ፣ ጢሞ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ጢሙን ሳምኩት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ማለት ይኼ ነው።

ወዲያው ግን ከዳኞቹ አንዱ "የራሷን ቢራ ዳኝታለች፣ አይያዝም!" ብሎ ተነሳ። እውነቱን ነው። አስተማሪዋ መነጽሯን አደረገች፣ የኔን ነጥብ በቀይ ሰረዘች፣ የቀሩትን ብቻ ደመረች። ያለ እኔም አንደኛ! የማንም ዘመድ ሳይደግፍሽ አንደኛ፣ እትዬ!

"ጠማቂዋን ጥሪልን" አለችኝ፤ "መቼም ትልቅ አፍንጫ ሳይኖራት አይቀርም።"

"አይሸታትም" አልኳት። "ምንም አይሸታትም።"

ጢሞ ቁጭ አለ። አስተማሪዋ ብርጭቆዋ ውስጥ የቀረችውን ጠጥታ "ለዚህ ነዋ" አለች። "ማሽተት ስላልቻለች ሽታውን አልነካካችውም። ምላሷን ብቻ አመነች። ሁላችሁም ሽታ ስታሳድዱ ምሬቱን ረስታችሁታል።" እኔም ያኔ ነው የገባኝ። አንቺ አበቃልኝ ብለሽ የሄድሽው አዲስ ነገር በጀመርሽ ቀን ነው። ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም ሲሉ እስቅ ነበር፤ ከእንግዲህ አልስቅም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። አንደኛ የወጣው ቢራ በሁሉም ጠመቃ ቤቶች እንዲቀዳ ተወስኗል፤ አዲስ ጥምቅ ይጠብቃሉ። ማን ይጠምቀው? እኔ ሞከርኩ፤ ደብዳቤዬም የዘገየው ለዚህ ነው። የሠራሽውን ሁሉ አጠገብሽ ቆሜ አይቻለሁ አይደል? ብቅሉን በልኩ፣ ሆፕሱን በልኩ አደረግሁ። ግን ድስቱ ላይ ሳጎነብስ "ሽታው አነሰ" አለኝ አፍንጫዬ፤ ጨመርኩ። "አሁንም አነሰ" አለኝ፤ ጨመርኩ። ሌላ ሽቶ ቤት ሆኖ አረፈው። በሁለተኛው አፍንጫዬን በልብስ መቆንጠጫ ቆነጠጥኩት፣ ሳቂ ግድ የለም፣ አናጺውም አይቶኝ መሬት ላይ ተንከባሏል። እሱም የቧንቧ ውሃ ሆነ። አፍንጫዬን መዝጋት እችላለሁ፤ ያንቺን ምላስ ግን ከየት አመጣለሁ? ያለ አንቺ ይኼ ቢራ አንድ ጊዜ ኖሮ የሞተ ቢራ ነው። ጠመቃ ቤቱም እንደዚያው።

እንደ ድሮው ሁኚ አልልሽም። የተበላሸውን የማሸተው እኔ ልሁን፤ ጎመን ጎመን ካለ ከጓሮ እሰማዋለሁ። የቀረውን ላንቺ።

አንድ ነገር ደግሞ ትናንት ጠርሙሶቹን ስቆጥር ትዝ ብሎኝ ቁጭ አልኩ። አስተማሪዋ ቀምሳዋለች፣ ጢሞ ቀምሶታል፣ አናጺው ደጋግሞ ቀምሶታል፣ የመጻሕፍት ጠባቂው ሳይቀር ቀምሶታል። ታንከር ውስጥ ትተሽው ሄደሻልና፣ ያለቀውን ቢራ እስካሁን ያልቀመስሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ጠርሙስ ከሁሉም ደብቄ አስቀርቻለሁ። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤልሽ እመጣለሁ። የአክስታችን ሱቅ ባንኮኒ ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጪ፤ አይሸተኝም ብለሽ እንዳትጀምሪኝ፣ ማሽተት አልጠየቅሁሽም። ነጥብም አልጠይቅሽም። ያልጣመሽ ነገር ላይ ምላስሽ እንደማያርፍ አውቃለሁ፤ ስድብ ከሆነ ተቀብዬ በማታው አውቶቡስ ብቻዬን እመለሳለሁ። የወደድሽው ነገር ሲገጥምሽ ግን ዝም ነው የምትዪው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አንዲት ቃል አይወጣሽም።

ዝም ካልሽ፣ ሻንጣሽን እኔው ተሸክሜ አወጣዋለሁ።

የምትወድሽ ታናሽሽ፣
ምላሰ ረጅሟ