በሩን ነቅዬዋለሁ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? ወባዋስ ዘንድሮ ማረችዎት ወይስ እንደ አምናው በአጨዳ መሀል ጣለችዎት? የገንዳ ውሃ ፀሐይ ገና አልበረደላትም አሉ፤ እባክዎ የሰሊጥ ሚዛን ሥር ሲውሉ ጥላ ይያዙ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤው ቀስ እየተባለ ቢነበብልዎት አይቆጡ። ጸሐፊዎ ካሌብ ጭነት ይዞ ጎንደር የወጣበትን ቀን ጠብቄ ነው የላክሁት። ካሌብ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን እርስዎን የሚያስከፋ ነገር ሲያገኝ እየዘለለ እንደሚያነብልዎት አገር ያውቃል። የእኔ ደብዳቤ እንዲዘለል አልፈልግም።

ነገሬ ስለዚያች ክፍል ነው። ርእሰ መምህራችን አቶ አገኘሁ ማክሰኞ ቢሯቸው ጠርተው፣ ከሰኞ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱን ለእርስዎ ሰሊጥ ማከማቻ አስረክቢ አሉኝ። መጋዘንዎ ሞልቷል፤ ዋጋው እስኪነሳ ሰሊጡ የሚያርፍበት ይፈልጋል፤ እርስዎም ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ቃል ገብተዋል። እኔ መጽሐፎቹን ጥግ ላይ ከምሬ ሸራ ላለብሳቸው ነው። ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው አሉኝ። ኧረ ጋሼ! አምናም እኮ ለሁለት ሳምንት ገብቶ የወጣው ለፋሲካ ነው። ጆንያው አይጥ ጠራ፣ አይጡ ሰሊጡን ሲጠግብ ወደ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ዞረ። ልጆቼ ዘንድሮ ስለ ሰው ልብ የሚማሩት ከግማሽ ሥዕል ነው፤ ሌላውን ግማሽ የእርስዎ አይጥ በልቶታል።

ደውለው ያሉኝን አልረሳሁም። ክፍሏን ልቀቂና ወደ ማስተማርሽ አስመልስሻለሁ፣ ወደ ገንዳ ውሃም አስዛውርሻለሁ ብለውኛል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እዚህ የገባሁት በቅጣት ነው፤ ስብሰባ ላይ አፌን አልዘጋ ብዬ። በእኛ ዘንድ ቤተ መጻሕፍት ማለት ድምፁ የተዘጋ መምህርና ከአለቃ የተጣላ መምህር የሚጣልበት ቦታ ነው። እኔም እንደ ሌላው ቁልፍ አንጠልጥዬ ተቀመጥሁ። ክረምት ላይ ጎንደር ለሥልጠና ስሄድ ግን አሠልጣኛችን ገና እንደገባች፣ ስንት መጽሐፍ ጠፋባችሁ ብላ ጠየቀችን። አንድም አልጠፋብንም ብለን ደረታችንን ነፋን። እንግዲያው ማንም አላነበበላችሁም አለችን። ጋሼ ይሙቱ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ተመልሼ የራሴን ዕቅድ ጻፍሁ፤ በየዓመቱ ቀኑ ብቻ እየተለወጠ የሚገለበጠውን አይደለም። የእኔ ዕቅድ፣ ልጅ በሄደበት መጽሐፍ ይሂድ የሚል ነው። ልጆቹ ለአጨዳ ሲወርዱ መጽሐፉን በጆንያ አስይዤ ሰደድሁት። በቀትር ሥራ ሲቆም ከደጋ ለአጨዳ ለወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ለሳሉጎቹ፣ በዛፍ ጥላ ሥር አነበቡላቸው፤ እርስዎ እርሻ ላይ ሳይቀር። ምነው፣ ፎርማንዎ አልነገረዎትም? ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለገበያ የሚመጡ እናቶችን ፊደል ማስቆጠር ጀመርሁ። አቶ አገኘሁ ይህን አይተው፣ መጽሐፉ አልቆ ቢመጣስ አሉኝ። ይለቅ አልኋቸው። ሳሙናም የሚያልቀው ሲታጠቡበት ነው።

እንግዲህ ግመል ሰርቆ ማጎንበስ የለም፤ ልንገርዎት። በሩን ነቅዬዋለሁ።

አዎ፣ የቤተ መጻሕፍቱን በር። ዛሬ ጧት ማጠፊያውን ፈትቼ አወረድሁት። ጣውላው ይከብዳል፤ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ለገበያ የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ያዙልኝ። ቀስ ልጄ፣ እግርሽ ላይ እንዳይወድቅብሽ እያሉ አስገቡልኝ። ብሎኬት ላይ አጋድመን የንባብ ጠረጴዛ አደረግነው፤ ስምንት ልጅ በምቾት ያስቀምጣል። ቁልፉን ለአቶ አገኘሁ ወስጄ ሰጠኋቸው። አስረክቢ ብለውኝ የለ! ቁልፉን እያገላበጡ ቢያዩት ቢያዩት የሚከፍተው ነገር ጠፋቸው።

በር በሌለው ቤት ሰሊጥ እንደማያድር ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መጽሐፎቹ ግን በየልጆቹ ቤት ነው የሚያድሩት። መደርደሪያዬ ባዶ ሲሆን እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አቶ አገኘሁ ሰኞ ደብዳቤ ይጽፉብኛል፤ ይጻፉ። ደመወዜን ይቅጡ፣ ቋራ ገለጉም ይጣሉኝ፤ እዚያም ልጅ አለ። ጠረጴዛው ግን ተመልሶ በር አይሆንም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለው ስቀውብኛል አይደል? እኔ ሞኟም ወረቀቱም ነኝ፤ የያዝሁትን አለቅም።

ይህን ስል ውለታዎን ረስቼ አይደለም። እናቴ ስትሞት በእሾህ መሀል ተሸክመው ያወጡኝ፣ ልጅዎ ሳልሆን ልጅ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ዝናብ ባጠረበት ዓመት እንኳ በሬ ሸጠው ደብተር ገዝተውልኛል። ታዲያ ለምን አስተማሩኝ ጋሼ? ለእርስዎ ሰሊጥ ዘበኛ እንድሆን ነው? ሌላው ሰው ቢሆን በሩን ቆልፌ እሰደብ ነበር። እርስዎ ስለሆኑ ነው የነቀልሁት፤ ቆልፌብዎት ደጅ እንዲቆሙ አልፈልግም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለቤትዎን እትዬ ባየሽን፣ ቅዳሜ እዚህ ገበያ ውላ ባዶ ዘንቢል ይዛ ትመለሳለች፣ ሽንኩርት እንኳ ትረሳለች እያሉ ያጉረመርማሉ አሉ። ካሁን ወዲያ አያጉረምርሙባቸው። ሽንኩርት ለመግዛት ጊዜ አልነበራቸውም።

ይኸው ካሌብ ጎንደር ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ ከሁለታችሁ በቀር ሰው የለም፤ እርስዎ ደግሞ ጊዜው አልፈቀደልዎትምና ፊደል አልቆጠሩም። እስቲ ቀና ብለው የሚያነብልዎትን ሰው ይዩ። እዚህ መስመር ላይ ሲደረስ ድምፁ ከተንቀጠቀጠ፣ ውኃ ይስጡልኝ።

ሰሊጥዎ ዋጋ ያውጣ። ወባ በደጅዎ አትለፍ። ጓዳችሁን ጌታ ይባርክ፤ ዕድሜያችሁን አብሮ ያርዝመው። ሰኞ ጭነት መኪናው ባዶውን አይምጣ፤ እርስዎ ይምጡበት። ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ከእሳቸው ጎን፣ ቦታ ይዤልዎታለሁ።

አልታዘዝ ያለችዎት፣ የምትወድዎት፣
የእህትዎ ልጅ